ተናጋሪው ማን ነው? — የፕሮግራሚንግ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮው ሥራችን በአጭሩ ይህ ነው፦ የክበቡ አባላት ባለፈው ዓመት ለኮምፒውተር የጻፉትን የጃቫ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ወደ አንድሮይድ ስልክ አሻግረናል። ሲነገር አጭር ነው፤ ሲሠራ ግን ሁለቱንም መንፈቅ ፈጅቷል። ላይብረሪው አንድ ጽሑፍ ተቀብሎ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጥራል፤ ውጤቱንም በግራፍ ሥሎ በምስል መልክ ያስቀምጣል። በኮምፒውተር ላይ ያለ እንከን ይሠራ ስለነበር አብዛኞቹ አባላት የማሻገሩ ሥራ በሁለት ሳምንት እንደሚያልቅ ገምተው ነበር። ግምታቸው ምክንያት አልነበረውም አልልም። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ሰን ማይክሮሲስተምስ ይፋ ሲያደርገው ይዞት የመጣው ተስፋ አንዴ የተጻፈ ኮድ የትም እንዲሠራ ነበር።

አንድሮይድ የጃቫን ቋንቋ ይቀበላል እንጂ የጃቫ ኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽን ወደሚያስኬደው ቅርጽ የሚለውጠው ፕሮግራም) የሚያወጣውን የክላስ ፋይል እንዳለ አያስኬድም። ዲ8 የተባለው መሣሪያ የክላስ ፋይሎቹን ዴክስ ወደሚባል ሌላ ቅርጽ ይለውጣቸዋል። ስልኩ የሚያነበው ይህንን ነው፤ አንብቦ የሚያስኬደው ክፍል በድሮዎቹ ስልኮች ዳልቪክ፣ ከአንድሮይድ 5.0 (እ.ኤ.አ. 2014) ወዲህ ደግሞ ኤአርቲ ይባላል። በዚያ ላይ በኮምፒውተሩ ጃቫ ውስጥ የምናገኛቸው ፓኬጆች ሁሉ ስልኩ ላይ አይገኙም። መስኮትና በተን የሚሠራው ስዊንግ የለም፣ የኤደብሊውቲ ሥዕል መሣሪያዎች የሉም፣ ምስል አንብቦ የሚጽፈው ኢሜጅ አይኦም የለም። የእኛ ላይብረሪ ግራፉን የሚሥለው በእነዚሁ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስቸገረን ስህተቱ ሳይሆን የአነባበባችን ልማድ ነው። ቢልድ (ኮዱን ወደ አፕ የመገንባቱ ሂደት) በወደቀ ቁጥር ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ይሞላል፤ አባላቱም የመጨረሻዋን መስመር ገልብጠው መፍትሔ ፍለጋ ይሮጣሉ። ያገኙትን መፍትሔ ይለጥፋሉ፣ ሌላ ስህተት ይመጣል፣ ለእሱም ሌላ ይለጥፋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ቢልዱን የሚመራው የግሬድል ማዘጋጃ ፋይል ማን ለምን እንደጨመራቸው በማይታወቁ መስመሮች ተሞልቶ ነበር። ያን ቀን ሁሉንም አጥፍተን ከባዶ ጀመርን፤ አንድ ደብተርም ገዛን። በደብተሩ ላይ አምስት ዓምድ አሰመርን፦ ቀን፣ የስህተቱ ቃል፣ ተናጋሪው፣ ምክንያቱ፣ የተደረገው ነገር። ሦስተኛው ዓምድ ሳይሞላ ማንም ኪቦርድ እንዳይነካ ተስማማን።

ተናጋሪው የምንለው ስህተቱን ያወጣውን መሣሪያ ነው። ኮዱ ከእጃችን ወጥቶ ስልክ ላይ እስኪደርስ ብዙ እጅ ይቀባበለዋል። ኮምፓይለሩ አለ፤ አንድ ክላስ ሁለት ቦታ መኖሩን የሚያየው ፈታሽ አለ፤ ዲ8 አለ፤ ፋይሎቹን በአንድ ጥቅል የሚያሽግ አለ፤ ለሕዝብ የሚለቀቀውን ቅጂ የሚያሳንሰው አር8 አለ፤ በመጨረሻም ስልኩ ራሱ አለ። ግሬድል ሲወድቅ «ኤክስኪዩሽን ፌይልድ ፎር ታስክ» ብሎ የሥራውን ስም ይጠራል። ስሙ «ኮምፓይል ዲበግ ጃቫ ዊዝ ጃቫክ» ከሆነ የተናገረው ኮምፓይለሩ ነው፤ «ቼክ ዲበግ ዱፕሊኬት ክላስስ» ከሆነ ፈታሹ ነው፤ «ሚኒፋይ ሪሊዝ ዊዝ አር8» ከሆነ አር8 ነው። ይህቺን አንድ መስመር አንብቦ መለየት አባላቱ በዓመቱ ውስጥ ከተማሩት ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ፍለጋውን ከመላው ፕሮጀክት ወደ አንድ ክፍል ታጠብበዋለችና።

ደብተሩ ላይ የሰፈረው የመጀመሪያው ስህተት «አንሰፖርትድ ክላስ ፋይል ሜጀር ቨርዥን 61» የሚል ነበር። ተናጋሪው ዲ8 ነው። አባላቱ 61 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ግራ ገባቸው፤ እኛ የምናውቀው ጃቫ 17ን ነው። ቃሉን ከማብራራት ማሳየት ይሻላል ብዬ አንዱን የክላስ ፋይል ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ኤዲተር ከፈትኩት። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች በሄክስ (አሥራ ስድስትን መሠረት ባደረገ አጻጻፍ) ሲጻፉ «ካፌ ቤብ» ተብለው ይነበባሉ፤ ማንኛውም የጃቫ ክላስ ፋይል በዚህ ምልክት ይጀምራል። ከዚያ አራት ባይት ይከተላል፤ ስምንተኛው ባይት 3ዲ ይላል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀቷን አውጥታ ሦስትን በአሥራ ስድስት አባዛች፣ ዲን አሥራ ሦስት ብላ ደመረችና «61!» አለች። በክላስ ፋይል ውስጥ ጃቫ 17 የሚጻፈው በዚህ ቁጥር ነው። ላይብረሪውን ለጃቫ 8 እንዲሆን አድርገን እንደገና ኮምፓይል ስናደርገው ያው ባይት 34 ሆነ፤ በተራ ቁጥር 52 ማለት ነው። በዚያ ክፍለ ጊዜ ከዚህ ሌላ ምንም አልሠራንም፤ ጊዜው ግን በከንቱ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ 55 ሲያዩ ጃቫ 11፣ 65 ሲያዩ ጃቫ 21 መሆኑን ማንንም አይጠይቁም።

እዚህ ላይ ለሌሎች ክበባት የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ቨርዥኑን ዝቅ ስናደርግ ኮምፓይለሩን በ«ሶርስ» እና በ«ታርጌት» ማዘዝ አይበቃም፤ «ሪሊዝ» የሚለው ትእዛዝ ይሻላል። ሁለቱ የድሮ ትእዛዞች የቋንቋውንና የፋይሉን ደረጃ ዝቅ ያደርጋሉ እንጂ በጃቫ 8 ውስጥ ያልነበረ ሜተድ (በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ብንጠራ ዝም ብለው ያሳልፉናል። «ሪሊዝ» ግን እዚያው ያስቆመናል።

ከዚህ በኋላ የመጣው የዓመቱ ከባዱ ነገር ነበር፤ ጉዳዩ ቢልዱ በማለፉ ጀመረ። ላይብረሪውን በጃር ፋይል (በክላስ ፋይሎች ጥቅል) መልክ አፑ ውስጥ ስናስገባው አንድም ስህተት አልወጣም። «ቲቸር፣ አልፏል እኮ!» ብለው ጮኹ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ተደስቻለሁ። ስልኩ ላይ ከፈትነው። ጽሑፍ አስገባን፣ ቃላቱን በትክክል ቆጠረ። «ግራፍ» የሚለውን በተን ስንነካው አፑ ተዘጋ። ሎጉን ስናይ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር» ይላል፤ ከሥሩም የጠፋው ክላስ ስም ተጽፏል፤ የኤደብሊውቲው በፈርድ ኢሜጅ።

ኮምፓይለሩ ለምን አልነገረን? የጃር ፋይል ቀድሞ ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀ ነው። የአፑ ኮምፓይለር የሚያየው እኛ የምንጠራቸውን ሜተዶች እንጂ በውስጣቸው ምን እንዳለ አይደለም። ዲ8ም የሚለውጠው የተሰጠውን ነው፤ የጎደለ ክላስ ስላለ ሥራውን አያቆምም። ጉድለቱ የሚታወቀው ስልኩ ያንን ክላስ በፈለገ ቅጽበት ነው፤ ያ ቅጽበት ደግሞ ተጠቃሚው በተኑን የሚነካበት ነው። ደብተሩ ላይ በሦስተኛው ዓምድ ለመጀመሪያ ጊዜ «ስልኩ» ብለን ጻፍን። ይህን አስቀድሜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ቢልድ ማለፉን የሥራ ማለቂያ አድርጌ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝና በሚቀጥለው ስብሰባ ቃሌን አርሜያለሁ።

የጎደለውን ከስልኩ በፊት ለማወቅ ሁለት መንገድ ተጠቀምን። አንደኛው ላይብረሪውን በጃር ሳይሆን በሶርስ ኮዱ፣ ማለትም እኛ በጻፍነው መልኩ፣ ማስገባት ነው፤ ያኔ ኮምፓይለሩ እያንዳንዱን የጠፋ ፓኬጅ በመስመር ቁጥሩ ይጠራል። ሁለተኛው ከጃቫ ጋር አብሮ የሚመጣው ጄዴፕስ ነው። ይህ መሣሪያ አንድ ጃር በምን በምን ላይ እንደቆመ ይዘረዝራል። በእኛ ላይ ስናስኬደው ሁለት መስመር አወጣ፦ «ጃቫ ቤዝ» እና «ጃቫ ዴስክቶፕ»። ሁለተኛዋ መስመር ሁሉንም ነገረችን፤ ኤደብሊውቲ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነውና። ሶርስ ኮዱ ለሌለን የሌሎች ሰዎች ላይብረሪ ይህ መንገድ እጅግ ጠቃሚ ነው። ዛሬ አባላቱ አንድ ጃር ወደ ፕሮጀክቱ ከመግባቱ በፊት በጄዴፕስ ያሳልፉታል፤ «ዴስክቶፕ» የሚል ካዩ ቆም ይላሉ።

መፍትሔው ላይ ክርክር ተነሳ። ጥቂቶች የጠፋውን የኤደብሊውቲ ክላስ ኮድ አምጥተን በዚያው ስም አፑ ውስጥ እንክተት አሉ። ይህ አያዋጣም። የድሮው የአንድሮይድ መሣሪያ በ«ጃቫ» ፓኬጅ ስም የተሰየመ ክላስ ሲያገኝ ተቆጥቶ ይቆም ነበር፤ ምክንያቱም እነዚያ ስሞች የመድረኩ ናቸው። አንዷን ክላስ ብናስገባ ደግሞ ሌሎች መቶ ትጎትታለች። በመጨረሻ ላይብረሪውን ለሁለት ከፈልነው። ቆጠራው ለብቻው ሆነ፤ ምንም ሥዕል አያውቅም። «ሣዪ» የሚል ኢንተርፌስ (ግራፍ የሚሥል ክላስ ሁሉ ሊያሟላው የሚገባ ውል) ጻፍን፤ ለኮምፒውተሩ በኤደብሊውቲ የሚሥል፣ ለስልኩ ደግሞ በአንድሮይድ ቢትማፕና ካንቫስ የሚሥል ክላስ አዘጋጀን። ሥራው አምስት ሳምንት ወሰደ። ኮዱ ከቀድሞው እንደሚያምር ግን ያየው ሁሉ ይመሰክራል፤ የቆጠራው ክፍል አሁን ያለ ምንም ስክሪን ይፈተሻል።

የተደጋገሙ ክላሶች ጉዳይ ቀላል ነበር። ከምንጠቀምባቸው ጃሮች አንዱ የሌላ ላይብረሪን ክላሶች ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለመጣ ፈታሹ «ዱፕሊኬት ክላስ» ብሎ የሁለቱንም ጃሮች ስም ጠራ፤ ሆዱ ባዶ የሆነውን ቅጂ ተክተን አለፍን። አሻጊው ደግሞ በሜታ ኢንፍ ፎልደር ውስጥ ሁለት የላይሰንስ ፋይል በአንድ ስም አገኘሁ ብሎ ቆመ። በግሬድል አንዱን ማስቀረት ይቻላል። ነገር ግን ፋይሉን ከጥቅሉ ማውጣት ከላይሰንሱ ግዴታ ነፃ አያወጣንም፤ ስለዚህ አፑ ውስጥ የሁሉንም ላይብረሪዎች ላይሰንስ የሚያሳይ ገጽ ሠርተናል። ያንን ገጽ ያዘጋጀው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሥራውን በጥንቃቄ ፈጽሟል።

በሁለተኛው መንፈቅ ስህተቱ ሰውን እየለየ መጣ። አፑ በሁላችንም ስልክ ይሠራል፤ በአንድ አባላችን ስልክ ላይ ግን ሲከፈት ይዘጋል። ስልኩ አንድሮይድ 7 ነው። ላይብረሪው ቀን የሚመዘግበው በጃቫ ታይም ፓኬጅ ነበር፤ ይህ ፓኬጅ አንድሮይድ ላይ የገባው በ8.0 (በገንቢዎች አቆጣጠር ኤፒአይ 26) ነው። ኮዱን ወደ ድሮው የቀን ክላስ እንመልሰው ያሉ ነበሩ። ከዚያ ይልቅ የኮር ላይብረሪ ዲሹገሪንግን አበራን፤ በግሬድል አንድ መስመር እና አንድ ዲፔንደንሲ (አፑ የሚደገፍበት ተጨማሪ ላይብረሪ) ነው። የጎደለውን ፓኬጅ ኮድ አፑ ራሱ ይዞት እንዲሄድ ያደርጋል፤ ድሮ ስልክም አዲስ ስልክም እኩል ይሠራሉ። የዚያ ልጅ ስልክ ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበቡ ዋና መፈተሻ ሆኗል። እያንዳንዱ ለውጥ መጀመሪያ እሱ ላይ ይጫናል።

ለመልቀቅ ስንዘጋጅ አር8 ተናገረ፤ ወይም በትክክል ለመናገር ዝም ብሎ ሠራና ስልኩ ተናገረ። «ሣዪ»ውን የምንመርጠው የክላሱን ስም ከጽሑፍ ፋይል አንብበን ሪፍሌክሽን በሚባለው ዘዴ በስሙ በመጥራት ነበር። አር8 ኮዱን ሲያሳንስ ማንም በቀጥታ የማይጠራውን ክላስ ይጥላል፣ የቀሩትንም ስማቸውን ያሳጥራል፤ በጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ ስም ለእሱ አይታየውም። በመፈተሻው ቅጂ ሁሉ ደህና፣ በሚለቀቀው ቅጂ ግን ግራፉ የለም። አባላቱ «ኪፕ» የሚል ደንብ ጽፈው ክላሱን አስቀሩት፤ ሠራ። እኔ ግን ችግሩን በ«ኪፕ» ደንብ ከመጠገን ሪፍሌክሽኑን ራሱን ማስወገድ ይሻላል አልኩ። አንድ ሰዓት ተከራክረን አፑ ሲነሳ «ሣዪ»ውን ራሱ ለላይብረሪው እንዲያቀብል አደረግን። ደንቡም ተሰረዘ።

በደብተሩ 43 ስህተቶች ሰፍረዋል። ከነዚህ 42ቱ አምስቱም ዓምድ ተሞልቶላቸዋል። የቀረው የታመቁ ፋይሎችን የሚከፍት የሌላ ሰው ላይብረሪ ነው። በጃሩ ውስጥ በሲ ቋንቋ የተጻፈና ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር ኮምፓይል የተደረገ ክፍል አለው፤ የስልኮቻችን ፕሮሰሰር ግን አርም የተባለ ሌላ ዓይነት ነው። ዲ8 ያንን ክፍል አይለውጠውም፤ የሲውን ኮድ አግኝቶ የሲ ኮድን ለአንድሮይድ በሚያዘጋጀው ኤንዲኬ እንደገና መገንባት ያስፈልጋል። ሁለት የ11ኛ ክፍል አባላት ኮዱን አግኝተው ማንበብ ጀምረዋል። በገጹ ላይ «አንሳቲስፋይድ ሊንክ ኤረር» ተጽፏል፣ ተናጋሪው «ስልኩ» ተብሏል፣ ምክንያቱም ተሞልቷል፤ የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ነው። ደብተሩ በኮምፒውተር ክፍሉ የመጀመሪያ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል።