የሚጥል በሽታ መድኃኒት ማደንዘዣ ብቻ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን በጅምላ «አእምሮ አደንዛዥ» ያለው ጽሑፍ መታረም አለበት።

የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ክሎራይድ በሴሉ ሽፋን ላይ ባሉ በሮች ሲገቡና ሲወጡ ነው። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሶዲየሙ በር አንዴ ከተዘጋ በኋላ ቶሎ ለመከፈት እንዳይዘጋጅ ይይዙታል። ስለዚህ በዋናነት የሚገታው መንቀጥቀጡን የሚያስነሣው፣ ያለ ፋታ ደጋግሞ መልእክት የሚተኩሰው ሴል ነው፤ በወጉ የሚሠራው ብዙም አይነካም። ፌኖባርቢታል ግን ለየት ይላል። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ በአገራችንም በሰፊው የሚታዘዝ አሮጌ መድኃኒት ነው። ጋባ የተባለው አረጋጊ ኬሚካል የሚከፍተውን የክሎራይድ በር ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ያደርገዋል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘውም በዚሁ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው።

የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ጽሑፉን ያነበበ ታካሚ ክኒኑን ዛሬውኑ እርግፍ አድርጎ ሊተው ይችላል። አንጎል ከመድኃኒቱ ጋር ተላምዷልና፣ በድንገት ሲቋረጥ ለሞት የሚያደርስ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል።

መድኃኒት ቤቶች «በቀን 2 ጊዜ» ብለው በሚጽፉበት የክኒን ፖስታ ላይ «ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ» የሚል ማኅተም ቢመቱበት ጥሩ ነው። እናንተም ይህንኑ በሚቀጥለው እትም አውጡት።

አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ