መጠይቅ ብቻውን ምርመራ አይሆንም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በከተማችን ስላለው የድባቴ ሕመም ያወጣችሁትን ጥናት አነበብኩት። ድሬዳዋ ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። እንዲህ ያለ ጥናት መሠራቱ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ስህተቱ ግን በዝምታ መታለፍ የለበትም።

አጥኚዎቹ የተጠቀሙት ፒኤችኪው-9 የሚባለውን መጠይቅ ነው። ስላለፉት 2 ሳምንታት 9 ጥያቄዎች ያቀርባል፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው «ባለሙያ ይየው» ይባላል እንጂ ታሟል አይባልም። ጽሑፉ ግን ሁሉንም በሕመምተኛነት ቆጥሯቸዋል።

ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ከ100 ሰው 10ሩ በእርግጥ ታመዋል እንበል። መጠይቁ ከእነሱ 9ኙን ቢያገኝ፣ ከ90ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 18ቱን በስህተት ቢጨምር፣ ድምሩ 27 ይሆናል። ሕመሙ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው!

እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል። መጠይቁ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። ከሰዓት በርጫ ላይ ጫት ሲቅም የዋለ ሰው እራት አያሰኘውም፣ ሌሊቱንም ዓይኑ ፈጦ ያድራል። ጠያቂው ይህን ካልለየ ሁለቱም ነጥብ ሆነው ይመዘገባሉ።

ስለዚህ እርማቱን ጥናቱ በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን። ኢንተርኔት ላይ ያለውም ይስተካከል፤ ተማሪዎች ቁጥሩን እየወሰዱ ነው። አጥኚዎቹም ቢያንስ ከተሳታፊዎቹ የተወሰኑትን በሐኪም አስመርምረው ስሌቱን እንደገና ይሥሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ድሬዳዋ