ሰበር ትርጉሙን ሲለውጥ የቀደመው ውል ምን ይሁን?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዳኛ ሕግ ይተረጉማል እንጂ ሕግ አያወጣም ሲባል እንሰማለን። ሆኖም በመጨረሻ ፍርዶች ላይ ያለ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከተደነገገ ወዲህ፣ የችሎቱ ውሳኔ በተግባር ከሕግ የሚለይበት ነገር እምብዛም ነው።

ለዚህ የቤት ሽያጭን የሚያህል ማሳያ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2877 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ብቻ ሲጠይቅ፣ አንቀጽ 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሕዝቡ ግን የኖረው በመንደር ውል ነው፤ ደላላ ያገናኛል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ምስክሮች ይፈርማሉ፣ ካርታው ለገዢው ይሰጣል። ችሎቱ በመዝገብ ቁጥር 21448 በአንቀጽ 1723 መሠረት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ አይጸናም ብሎ ሲወስን፣ ከሕጉ አንድ ቃል ሳይነካ የስንቱ ገዢ መብት አደጋ ላይ ወደቀ። የቤት ዋጋ ሲንር፣ ገንዘቡን ቆጥሮ የተቀበለ ሻጭ ሳይቀር «ውሉ አልተመዘገበም፣ ይፍረስልኝ» ብሎ ክስ ለመመሥረት በር ተከፈተለት። ችሎቱ ቆይቶ ሻጩ ያልካደውን ውል በተመለከተ አቋሙን ማለዘቡ የሚያስመሰግነው ነው፤ በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ቤቱን የተነጠቀ ሰው ግን ማንን ይጠይቅ?

ዳኞች እጃቸውን ይሰብስቡ ማለቴ አይደለም። ይኸው ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ከወላጅ አባት መብት ይልቅ የሕፃኑን ጥቅም ማስቀደሙን ማንም የሚነቅፈው አይመስለኝም።

የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የችሎቱ ትርጉም ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ አስገዳጅ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ ግን ከዚያ ቀን በፊት የተፈረመና በክርክር ላይ ያለ ውል በየትኛው ትርጉም እንደሚዳኝ አይመልስም። አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል፤ የሰበር ውሳኔ ግን በተከታታይ ቅጾች (ጥራዞች) ተሰብስቦ የሚወጣ በመሆኑ፣ ከጠበቃና ከዳኛ በቀር የሚያነበው ጥቂት ነው። ስለሆነም ችሎቱ የቀድሞ ትርጉሙን በለወጠ ቁጥር የሻረውን ውሳኔ መዝገብ ቁጥር እንዲገልጽና አዲሱ ትርጉም ከመቼ ወዲህ የተደረጉ ውሎችን እንደሚመለከት በውሳኔው ላይ እንዲያሰፍር ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕግ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ