የእናቴ ቤት ደረጃ

ማሙሽዬ፣

እንዴት ነህ? በደንብ ትበላለህ? እኛ ደህና ነን።

ቅዳሜ ከአባትህ ጋር ኤንጀል አይላንድ ሄድን። ይሄን ሁሉ ዓመት ኦክላንድ ኖረን ከሩቅ ብቻ የምናየው የሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ደሴት። ከቲቡሮን ጀልባ ያዝን። አባትህ ጃኬት አልይዝም ብሎ ሲንቀጠቀጥ ዋለ፤ እሱን ተወው።

ጀልባው የሚያወርድህ አያላ ኮቭ ነው። ዛሬ ሰው ሣሩ ላይ ምሳውን ይበላል። በፈረንጆቹ 1891 የተከፈተው ኳራንቲን ግን እዚያው ነበር። በሽታ ይዛለች የተባለች መርከብ እዚያ ቆማ ትታጠናለች። መታጠን ስልህ የቡናችን ዕጣን እንዳይመስልህ፤ ተባይ የሚጨርስ ጭስ ነው።

ከዚያ ዳገቱን ወጥተን ወደ ሌላው ወገን ወረድን። ከ1910 እስከ 1940 አሜሪካ ለመግባት የመጡትን ቻይናዎች የሚያቆዩበት የእንጨት ቤት አለ። በ1882 የወጣ ሕግ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይገባ ከልክሏል። የዜጋ ልጅ ግን ይገባል። በ1906 የሳን ፍራንሲስኮ መሬት ተንቀጥቅጦ፣ ቃጠሎው የልደት መዝገቡን በላው። እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ዜጋ ነኝ የሚለውን ማን ያስተባብል? ዜጋ ከሆነ ደግሞ የሰው ልጅ የኔ ነው ብሎ ያስገባል። እንዲህ ነው «የወረቀት ልጅ» የመጣው፤ አባቱ በወረቀት ብቻ አባቱ የሆነ።

መርማሪዎቹም ነቁ። ቤታችሁ ስንት ደረጃ አለው? የሩዝ ማስቀመጫው የት ነው? ጎረቤታችሁ ማነው? ዘመዶቹም ለብቻ ይጠየቃሉ። መልሱ ካልገጠመ ጣጣ ነው፣ የእውነት ልጅም ብትሆን። ወራት የቆዩ አሉ። የከፋው ግድግዳው ላይ ግጥም ይቀርጻል። በ1970 አንድ የፓርክ ጠባቂ ግጥሞቹን ልብ ባይል ኖሮ ቤቱ ሊፈርስ ነበር። ከ200 በላይ ተገኝተዋል።

እኔን የያዘኝ ግን የደረጃው ጥያቄ ነው። አባትህ ሲያስመጣኝ የቪዛ ጠያቂዋ «ሠርጋችሁ ላይ ስንት ሰው ነበር?» አለችኝ። አራት መቶ አልኩ። አባትህ ለካ ሁለት መቶ ብሎ ጽፏል። ድንኳን ውስጥ ማን ይቆጥራል? በዚህ ስምንት ወር ዘገየሁ። እስከ ዛሬ አልነገርንህም፣ አሁን አሁን ያስቀኛል እንጂ ያኔ ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር።

ማታ ደሴ ለአክስትህ ደወልኩ። የእናታችን ቤት መግቢያው ስንት ደረጃ አለው አልኳት። እኔ አምስት ነው ብዬ አባትህን አስይዤ ነበር። ስልኩን ይዛ ወጥታ ቆጠረች። ሰባት።

እናትህ