መሬቱ አለ፣ ዘሩ አለ፣ ያጣነው ወረቀት ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ኑሮ ውድነት የምታወጡትን ሁሌም አነባለሁ። የዘይቱ፣ የጤፉ፣ የሽንኩርቱ ዋጋ ይነሣል። እውነት ነው፣ ሁላችንም ቤት ያለ ጉዳይ ነው። ስለ ጎመን ግን የጻፈ አላየሁም። ስለዚህ እኔ ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የመንግሥት ሠራተኛና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ ለዓመታት ታጥሮ የተቀመጠ ባዶ ቦታ ነበር። ቆሻሻ ይጣልበታል፣ ሲመሽ ጅብ ይመጣበታል። ከሦስት ዓመት በፊት በእድራችን ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሣና የሚመለከታቸውን ሰዎች ሄደን ጠየቅን። «ለሌላ ሥራ እስኪፈለግ ድረስ አልሙት» አሉን። ቆሻሻውን ለማውጣት ብቻ አራት ቅዳሜ ፈጀብን። ከዚያ ለ22 ቤተሰብ በመደብ በመደብ ተከፋፈልነው። ለእኔ የደረሱኝ ሁለት መደቦች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ5 ሜትር። ትንሽ ናት። ግን ዘንድሮ ከመስከረም ወዲህ አንድ እስር ጎመን ከገበያ አልገዛሁም።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዷን ያየ ያውቀዋል። መጀመሪያ ዓመት ቲማቲምና ቃሪያ ተክለን ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ጣለ፤ ጠዋት ስንሄድ ሁሉም ጠቁሮ ጠበቀን። ቲማቲም የሸዋ ሮቢት ነው። ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ቆላ ነው የሚወደው። ለእኛ ለደገኞቹ የሚሆነን ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ነው። ጥቅል ጎመንና ካሮት እንዲያውም ብርድ ሲነካቸው ይጣፍጣሉ። ሌሊቱ ሲከፋ ለጋውን ችግኝ ማታ ማታ ገለባና ጆንያ እናለብሰዋለን።

ያስተማሩን አንዲት የመንዝ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። እኔ መጀመሪያ ጎመኑን ከነግንዱ ስቆርጥ አይተው ደነገጡ። «ልጄ፣ ከታች ጀምሪ። ልቡን አትንኪው» አሉኝ። ጎንበስ ብለው አሳዩኝ። የታችኛውን ትልቅ ቅጠል በአውራ ጣታቸው ወደ ታች ጫን ሲያደርጉት «ቀጭ» ብሎ ይለቃል። ቅጠሉ ላይ የሌሊቱ ጤዛ ገና አልደረቀም ነበር። እንደዚያ ከተቀነጠሰ አንዱ ተክል ለወራት ይሰጣል። ክሽክሽ የሚባለው የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ሲወርድበት ደግሞ የተነፋ አመድ በጠዋቱ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ይበተንበታል። ሁለት ሦስት ተክል ሳይነካ ይተዋል። ቢጫ አበባ ያወጣል፣ ዘር ይይዛል። ግማሹ ለከርሞ ይቀመጣል፣ ግማሹ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ዘሩ ከቤት አይወጣም ማለት ነው።

ይህ የሐበሻ ጎመን የምንለው ተክል በዓለም የዕፅዋት መጻሕፍት ውስጥ በኢትዮጵያ ስም ነው የሚጠራው። እኛ ግን እናፍርበታለን። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያልን ነው ያደግነው። አባቶቻችን እንዲህ ያሉት በምክንያት ነው። ክረምት ላይ ጎተራ ሲራቆት ጎመን ብቻውን ቤት ይይዝ ነበር። የችግር ጊዜ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ትልቋ ልጄ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ጎመን ያየች ቀን «እማዬ፣ ሰው ያየኛል» ብላ ሳትበላው መለሰችው። በጣም ነው ያዘንኩት። አሁን አንደኛው መደብ የእሷ ነው። የቆስጣውን ዘር የዘራችው ራሷ ናት፤ ጓደኞቿን ይዛ መጥታ ታሳያለች። ቅጠሉን ቀጥፋ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ዘይት ቶሎ ታወጣዋለች። እኔ ቀድሞ እስኪጠቁር ነበር የማበስለው። ዘይቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በቅጠሉ ያለውን የቫይታሚን ኤ ምንጭ ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። ሎሚ ጠብ ማድረግ ለብረቱ ጥሩ ነው። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ትንሽ ቢርቁ ይሻላል፣ ብረቱን ይይዙታል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

መሬቱ ስንረከበው የተራበ መሬት ነበር። በእኛ አገር እበት ወደ ማሳ አይሄድም። ብርዱ ከባድ ነው፣ ማገዶው ውድ ነው። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና ይነዳል፣ ገበያም ይወጣል። በማንም አልፈርድም፣ እኔም እገዛለሁ። መሬቱ ግን ከዓመት ዓመት እየሣሣ ይሄዳል። ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች አንዲት እህት አለችን፤ አንድ መደብ ሰጥተናታል። ከሁላችንም በላይ ገበሬ እሷ ናት። የኮምፖስት ጉድጓድ ያስቆፈረችን እሷ ነች። የአትክልት ልጣጭ፣ ደረቅ ሣር፣ የበግ ፍግ፣ ትንሽ አመድና አፈር በየተራ ይነባበራል። እርጥበቱ ይጠበቃል፣ በየጊዜው ይገለበጣል። በእኛ ብርድ ቶሎ አይበስልም። አምና ያገባነው ፍግ ዘንድሮ ነው መታየት የጀመረው። አፈሩ ጠቆረ፣ በእጅ ሲይዙት ፍርክስ ይላል። ትል አየንበት፤ ስናየው እልል ያለች ጎረቤት አለችን።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያለን ቃል ብቻ ነው። ባለፈው ግንቦት «ቦታው ሊወሰድ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ውሸት ሆነ። ግን ግማሹ ሰው ኮምፖስት ማግባቱን እርግፍ አድርጎ ተወው። ለምን ይልፋ? ለሌላ ሰው መሠረት ማን ፍግ ይሸከማል? ጎመን በሁለት ወር ይደርሳል። አፈር ግን ዓመታት ይፈልጋል።

የምንጠይቀው ይዞታ አይደለም፣ ካርታም አይደለም። ታጥረው የተቀመጡ ቦታዎች ለሰፈር ሰው በጽሑፍ ውል ይሰጡ፤ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት። ቦታው ለግንባታ ከተፈለገ የቆመው ሰብል እስኪነሣ ጊዜ ይሰጠን። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የሌማት ትሩፋት በ2015 ሲጀመር ስለ ወተቱ፣ ስለ ዕንቁላሉ፣ ስለ ማሩ ብዙ ሰማን፤ ደስም አለን። ጎመኑም ከሌማቱ ዳር ይቀመጥ። ውኃውም ይታሰብበት። እኛ ከቧንቧ ነው የምናጠጣው፣ ክረምት ደግሞ የጣሪያ ውኃ በበርሜል እንይዛለን። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ በገባበት ወንዝ የጠጣ ቅጠል ልጅ አይበላም።

የዝግጅት ክፍሉ ጋዜጠኛ ወደዚህ ቢልክልን በጣም ደስ ይለናል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁላችንም እዚያው ነን። ጋቢ ይዞ ይምጣ፤ ኅዳር ስለገባ ጆንያውን ከችግኞቹ ላይ ስናነሣ ይደርሳል። የመንዟ እናትም እንዴት እንደሚቀነጠስ ያሳዩታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደብረ ብርሃን ነዋሪ