መቶው ዲናር

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። የሐረር ብርድ ግን የድሬን ሙቀት ያስናፍቃል።

ባለፈው እሁድ አብረን ስናስቀድስ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ሰው ሁሉ ግራና ቀኝ እጅ ይነሳሳል። አክስቴ ከሁለት ሰው ወዲያ ቆማ ነበር። ወዳንቺ ጎንበስ አለች። አንቺ ነጠላሽን አስተካከልሽ። «ቂም ይዤ አልቀርብም» ብለሽ ከቆረብሽ ስንት ዓመትሽ?

ያደረገችሽን አልረሳሁም። ሐምሌ 1998 የደቻቱ ጎርፍ ቤታችንን ሲወስደው፣ ያበደርሻትን ብትጠይቂያት «አልወሰድኩም» አለችሽ። ቀፊራ ገበያ ፀሐይ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሽንኩርት ቸርችረሽ ያጠራቀምሽው ገንዘብ ነበር። መጠለያው ድንኳን ውስጥ ፊትሽን አዙረሽ ስታለቅሺ አይቻለሁ። ስለዚህ «ተራ ነገር ነው፣ እርሺው» አልልሽም።

ሰሞኑን ማቴዎስ 18ን ደግሜ አነበብኩት። ጌታው ዕዳውን የተወለት ያ ባሪያ ባልንጀራውን ያነቀው በመቶ ዲናር ዕዳ ነው። ድሮ ሳንቲም ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሙሉ ደመወዝ ነው! መቶ ቀን የተለፋበት፣ ልክ እንደ አንቺ ሽንኩርት። ጌታ ኢየሱስም ባልንጀራው ዕዳ የለበትም አላለም። ግን ለአናቂው የተተወለት እልፍ፣ ማለትም አሥር ሺህ፣ መክሊት ነበር። አንዱ መክሊት ብቻ 6,000 ዲናር ያህል ነው። ይሄን በስንት ዕድሜ ሠርቶ ይከፍለዋል?

እማዬ፣ ይቅር በያት ስልሽ አላጠፋችም ማለቴ አይደለም። ዳግመኛ አበድሪያትም አላልኩም። ከአንገቷ ላይ እጅሽን አንሺ ነው የምልሽ። አንቺንም አድክሞሻል። ማታ ማታ አባታችን ሆይ ስትደግሚ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ዝቅ ይላል፤ ስመጣ እሰማሻለሁ። ልጅ ሆኜ ከወንድሜ ጋር ስኳረፍ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ከፈቀድሽ የንስሐ አባታችንን አነጋግራቸዋለሁ። እሳቸው ቢያስታርቋችሁ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ለታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ የምንሄድበትን መኪና ይዣለሁ። አንቺ ጉልበትሽን እንድትዘረጊ ከፊት ትቀመጫለሽ። ከኋላ አንዱን ቦታ ለማንም አልሰጠሁትም። እሺ ካልሽኝ አክስቴን ከደጇ እናነሳታለን። አይሆንልኝም ካልሽም ስንቃችንን አስቀምጥበታለሁ፤ አልቀየምሽም።

የምትወድሽ ልጅሽ