ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ፦ ከቤት ተበጥብጦ የሚመጣ ጡጦ መቀበል ስለማቆማችን

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ባለፈው ሰኞ ጠዋት በሕፃናት ማቆያችን በር ላይ የሆነው ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ቤት የተበጠበጠ የዱቄት ወተት የያዘ ጡጦ መቀበል እንዳቆምን ስንናገር አንዲት እናት «እትዬ፣ ቤቴ ቆሻሻ ነው ማለትሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ አንድ አባት ደግሞ የተረፈ ወተት እንደምንደፋ ሲሰሙ ምንም ሳይናገሩ ልጃቸውን አቅፈው ተመለሱ። ማስታወቂያውን ቅዳሜ ማታ፣ ያውም ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች እያሉን በአማርኛ ብቻ ጽፈን መለጠፋችንና ሰኞ ሥራ ላይ ማዋላችን ስህተት ነበር፤ ለዚህ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን የማንንም ቤት በመናቅ የተደረገ ስላልሆነ ምክንያቱን በሙሉ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

የዱቄት ወተት ታሽጎ ቢመጣም ከተሕዋስያን ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ፈልቶ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልወረደ ውሃ ዱቄቱ እንዲበጠበጥና በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እንዲጠጣ የሚመክረው ለዚህ ነው። ከጠዋቱ 12፡30 ቤት ውስጥ የተበጠበጠ ጡጦ በባጃጅ ተጉዞ እኛ ዘንድ ደርሶ፣ ሕፃኑ ሲርበው ከረፋዱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ያውም በድሬ ሙቀት። ያ ወተት አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም፤ ስለዚህ ዓይኔንም አፍንጫዬንም አምኜ ለልጃችሁ ልሰጠው አልችልም። አሁን የምንጠይቃችሁ ዱቄቱን በቆርቆሮው እንዳለ ብቻ እንድታመጡልን ነው፤ ልጁ በሚጠጣበት ሰዓት እኛው እንበጠብጠዋለን።

ስለ ተደፋው ወተት ደግሞ እንዲህ ነው። ሕፃኑ አንዴ አፉን ካሳረፈበት ምራቁ ወደ ወተቱ ስለሚገባ፣ መጠጣት ከጀመረ በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ያልጨረሰው ሊቀመጥለት አይገባም። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የት እንደደረሰ እኔም አውቃለሁ፤ ወተት መድፋት ነውር በሆነበት ቤት ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ በደፋሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ብክነቱን ለመቀነስ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ እየበጠበጥን፣ ሕፃኑ ካልጠገበ እንደገና መሥራት ጀምረናል።

የጡት ወተት ለምታመጡ እናቶች በራችን እንደ ወትሮው ክፍት ነው። በግል ድርጅት የምትሠራ እናት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 የሥራ ቀናት ብቻ በመሆኑ፣ አራት ወር ያልሞላው ሕፃን ወደ እኛ ሲመጣ እናቱ ወተቷን አልባ ለመላክ ምን ያህል እንደምትደክም አያለሁ። የጡት ወተት እንኳ ከማቀዝቀዣ ውጭ እስከ 4 ሰዓት ጊዜ ይቆያል የሚባለው ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ ነውና በበረዶ ከብባችሁ ላኩልን።

ይህን ሥራ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ስጀምር የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ጎረቤቴ የነበረች ነርስ ናት። ልጇን ባመጣችበት ቀን፣ ታጥቧል ብዬ ያስቀመጥሁትን ጡጦ አንስታ ቀለበቱን ፈታች፣ ጫፉን ገለበጠችና ከሥሩ የተጋገረውን ቢጫ ነገር በጣቷ ጠርጋ አሳየችኝ። አልተቆጣችም፤ እኔ ግን ያን ቀን ያፈርሁትን ኀፍረት አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጡጦ ተፈታትቶ፣ ለሌላ ዕቃ በማንነካው ሳፋና በራሱ ብሩሽ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ክፍሎቹ በሙሉ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ለ5 ደቂቃ ይፈላሉ። በጨርቅ አናደርቀውም፤ ጨርቁ ራሱ ጀርም ስለሚያስተላልፍ በንጹሕ ቦታ ተደፍቶ በአየር ይደርቃል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣበቀ የጡጦ ጫፍ የምንመልሰውም ስንጥቁ ውስጥ ብሩሽ ስለማይገባ ነው። የትልልቆቹ ልጆች ሳህን፣ ማንኪያና ኩባያ በየስማቸው ነው፤ ስድስት ወር ያለፋቸውን በኩባያ እንድታለማምዷቸው የምለምናችሁም ኩባያ ስርጉድ ቦታ ስለሌለው ለማጠብ ስለሚቀል ነው።

የድሬን ውሃ እናንተም ታውቁታላችሁ። ባፈላነው ቁጥር ነጭ ቅርፊቱን ድስቱና ጡጦው ላይ ይተዋል፤ ወተት ደግሞ እዚያ ሻካራ ነገር ላይ መያዝ ይወዳል። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁሉንም በአቼቶ ዘፍዝፈን እንደገና እናፈላለን። ውሃ በሚጠፋበት ቀን በጀሪካን እንገዛለን፣ መብራት ሲጠፋ በከሰል እናፈላለን፤ ለዚህ ሥራ ብቻ አንዲት ሠራተኛ ቀጥረናል።

በጡጦ በሚመገቡ ሕፃናት ላይ የጨመርነው 400 ብር ለዚሁ ነው እንጂ ለትርፍ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍያ ሳልጨምር የቆየሁት ከኪሴ እየሞላሁ መሆኑን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬም የምናገረው ቅር ስላለኝ ነው። ሁለት ልጆቻቸውን እዚህ ያሳደጉ ቤተሰቦች «ገንዘብ ፈልጋ ነው» ማለታቸውን ስሰማ ከጭማሪው ይልቅ እርሱ ጎድቶኛል። በአንድ ጊዜ መክፈል የሚከብዳችሁ ካላችሁ ለብቻችን እንነጋገር፤ በ400 ብር ምክንያት ከዚህ ቤት የሚወጣ ልጅ እንዲኖር አልፈልግም።

ማስታወቂያው በሦስቱም ቋንቋ ተጽፎ ከነገ ጀምሮ በሩ ላይ ይሆናል። ማጠቢያውን ማየት የምትፈልጉ ሁሉ ቀጠሮ ሳትይዙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ኑ፤ የማፍላቱ ሥራ የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ነው። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ያልመጡት ሁለት ሕፃናት ጡጦዎችም ስማቸው እንደተጻፈባቸው ፈልተው፣ ደርቀው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማቆያው ባለቤት